ደብተሩን ዝጊና ራስሽን ጠይቂ

ልጄ፣ ስለ ጤናሽ፣ ስለ ዶርም ኑሮሽ፣ ስለ ካፌውም ምግብ ብጠይቅሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ፋይናል ደርሷል ብለውኛልና እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ዛሬ ስለ ጥናት ብቻ ላውራሽ። ረጋ ብለሽ አንብቢኝ። ከምነግርሽ አንዳንዱን ታውቂዋለሽ። ቢሆንም ስሚኝ፤ የሚያውቁትን ደግሞ መስማት አይከፋም።

በማስተማር ዘመኔ ብዙ ዓይነት ተማሪ አይቻለሁ። ሰነፍ ሲወድቅ አዝናለሁ፣ ግን አይገርመኝም። አንጀቴን የሚበላው ትጉሁ ሲወድቅ ነው። ገና ሳይነጋ ላይብረሪ ሄዶ ቦታ የሚይዘው። ሃንድአውቱን ቢጫና አረንጓዴ በቀለም የሚያሰምረው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ አድሮ ዓይኑ ደም የሚመስለው። ከዚያ ፈተና ክፍል ገብቶ፣ «አውቀው ነበር እኮ፤ ድርግም አለብኝ» እያለ የሚወጣው። ይህ ልጅ አልሰነፈም። ደክሟል፣ ለፍቷል። ልፋቱ የሄደበት መንገድ ነው ጉድ ያደረገው።

አንቺም ትጉህ ነሽ። ስለዚህ ስንፍናን አልፈራልሽም። የምፈራልሽ ድካምሽ ያለ ፍሬ እንዳይቀር ነው። ለዚህ ደግሞ መላ አለው። አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ ብባል ይህን እላለሁ፦ ደብተሩን ዝጊና ራስሽን ጠይቂ። ቀሪው ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳሽ። አንድን ምዕራፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታነቢው ይከብድሻል። ሁለተኛ ስታነቢው ይቀላል። ሦስተኛ ላይ ዓይንሽ ያለ እንቅፋት ይሮጣል። ያኔ ልብሽ፣ «ይህንንማ ጨርሻለሁ» ይልሻል። ተጠንቀቂ ልጄ። ዓይንሽ ገጹን ለምዶታል እንጂ ምዕራፉን ገና አላወቅሽውም። ፈተናው ደግሞ ገጹን አያሳይሽም። ባዶ ወረቀት ሰጥቶ፣ «አንቺ ተናገሪ» ነው የሚልሽ። ከራስሽ ማውጣትን ሳትለማመጂ ከቆየሽ፣ በዚያች ሰዓት ከየት ታመጪዋለሽ?

ይህ የእኔ የሽማግሌ ግምት ብቻ አይደለም። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ለተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጧቸው። አንዱ ቡድን በ4 ክፍለ ጊዜ ያንኑ ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው ቡድን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ አነበበ፤ በቀሩት 3 ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን በወረቀት ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበቡት በለጡ፤ 83 ከመቶ ለ71። ከ1 ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ያነበቡት 40 ከመቶውን ሲያስታውሱ፣ እየጻፉ ራሳቸውን የፈተኑት 61 ከመቶውን አስታወሱ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው። «በደንብ እናስታውሰዋለን» ብለው የበለጠ የተማመኑት እነዚያው ሲያነቡ የቆዩት ነበሩ።

አየሽ፣ ማንበብ ለ5 ደቂቃ ያሸንፋል። ለዚህ ነው በፈተና ክፍል በር ላይ ቆመው ሃንድአውት የሚያገላብጡት ሁሉ ልባቸው የሚሞላው። ለሳምንት ግን አያሸንፍም። የአንቺ ፈተና ደግሞ የ5 ደቂቃ ፈተና አይደለም። የአንድ ሴሚስተር ነው።

የእኛም ሰዎች ይህን ያውቁት ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት ማታ ማታ፣ በጨለማ፣ ያለ መጽሐፍ ነው የሚጠናው። ተማሪው የቀኑን ትምህርት ከራሱ አውጥቶ ይደግማል። በቁርኣን ቤትም ልጁ በሉሑ (በእንጨት ሰሌዳው) ላይ የጻፈውን ለኡስታዙ በቃሉ ሳያሰማ አጥቦት ወደ ሌላው አይሻገርም። የቅኔ ቤቱ ደግሞ ከዚህም ያልፋል። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ እየደገመ ብቻ አይኖርም። ራሱ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። ሦስቱም ቤት ተማሪውን፣ «አነበብክ ወይ?» አይሉትም። «እስቲ አሰማኝ» ነው የሚሉት። አንቺን በየቀኑ «እስቲ አሰሚኝ» የሚልሽ ሰው ካምፓስ ውስጥ የለም። ስለዚህ ራስሽ ለራስሽ በይው።

እንዴት ታደርጊዋለሽ? ቀላል ነው። አንድ ርዕስ አንብቢ። ሃንድአውቱን ዝጊ። ነጭ ወረቀት አውጪና ያስታወስሽውን ሁሉ ጻፊ። ቅርጹ አያስጨንቅሽ። ሲያልቅብሽ ሃንድአውቱን ክፈቺና አስተያዪ። የረሳሽውን በቀይ ጻፊው። ነገ መጀመሪያ የምትጠየቂው ያ ቀዩ ነው። ያወቅሽውን አሥር ጊዜ ማንበብ ደስ ይላል፣ ግን ምንም አይጨምርልሽም። ያላወቅሽው ጋ መቀመጥ ያማል፤ ውጤት የሚመጣው ግን ከዚያ ነው። መጀመሪያ ላይ ወረቀቱ ባዶ ሆኖ ትደነግጫለሽ። አትደንግጪ። እዚህ መደንገጥ ፈተና ክፍል ከመደንገጥ ይሻላል።

ሌላም መንገድ አለ። በክፍል ስትቀመጪ የማስታወሻ ገጽሽን በመስመር ክፈዪ። በሰፊው በኩል ትምህርቱን ጻፊ። በጠባቡ በኩል ማታ ላይ ጥያቄ ጻፊበት። «ይህ ለምን ሆነ?» «ይህ ከዚያ በምን ይለያል?» «ምሳሌ ስጪ።» ፋይናል ሲደርስ ሰፊውን በወረቀት ሸፍነሽ ጥያቄውን ብቻ ትመልሻለሽ። ይህን ከሴሚስተሩ መጀመሪያ ያደረገች ልጅ በፋይናል ሰሞን ፊቷ አይገረጣም። እስካሁን ባታደርጊውም ግድ የለም። ለቀሩት ምዕራፎች ዛሬ ጀምሪ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም እንዲሁ። ብዙ ልጆች የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይሸመድዱታል። መምህሩ አንድ ቃል ለውጦ ሲጠይቅ ሁሉም ነገር ይፈርስባቸዋል። አንቺ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ነገሩን ቤት ውስጥ በምትናገሪው ቋንቋ ለራስሽ አስረጂው። አማርኛም ይሁን፣ ኦሮምኛም ይሁን፣ ትግርኛም ይሁን። ለእናትሽ እንደምታስረጂ አድርገሽ። እዚያ ላይ ከተንተባተብሽ ገና አልገባሽም ማለት ነው፤ ተመለሺ። ከወጣልሽ ደግሞ እዚያ አትቁሚ። በራስሽ እንግሊዝኛ፣ በአጭር በአጭሩ ጻፊው። ሁለቱንም ያደረገች ልጅ መምህሩ ጥያቄውን በየት በኩል ቢያዞርባት አትጠፋም።

ስለ ጊዜ ደግሞ ልንገርሽ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? እናንተ «ስንቸክል አደርን» የምትሉት ነገር ይኸው ነው። አንድ ሌሊት ላይ የተጫነ ትምህርት ከፈተናው ክፍል በር አያልፍም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ስለ ማስታወስ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የፈተነው ራሱን ነው። ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላትን በዝርዝር እያጠና ስንቱን እንደሚረሳ ለካ። መርሳት መጀመሪያ ላይ በጣም ፈጣን እንደሆነ፣ በኋላ እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ አየ። ሌላም ነገር አገኘ። በ3 ቀን ተከፋፍሎ የተደረገ 38 ድግግሞሽ፣ በ1 ቀን ከተደረገ 68 ድግግሞሽ ጋር እኩል ሠራለት። ከግማሽ ትንሽ በሚበልጥ ድካም ያንኑ ውጤት ማለት ነው። ልጄ፣ ይህ የጉብዝና ጉዳይ አይደለም። የማከፋፈል ጉዳይ ነው። ማከፋፈል ደግሞ አንቺ ትችያለሽ።

ስለዚህ ፋይናል 2 ሳምንት ሲቀረው ተቀመጪና አንድ ወረቀት ላይ ኮርሶችሽን ጻፊ። በየኮርሱ ሦስት ነገር ጻፊበት፦ ክሬዲቱን፣ ፋይናሉ ከመቶ ስንት እንደሚይዝ፣ አንቺ ምን ያህል እንደተዘጋጀሽ። ከዚያ ሂሳቡን አስቢው። ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ላይ ከሲ ወደ ቢ ብትወጪ 4 ነጥብ ትጨምሪያለሽ። ባለ 2 ክሬዲት ላይ ያንኑ ብታደርጊ የሚጨመረው 2 ነው። ብዙ ልጆች ግን የሚወዱትንና የሚቀላቸውን ሲያጠኑ ይውላሉ። ሳይኮሎጂውን ሦስት ጊዜ ይጨርሱታል፤ ማቴማቲክሱ ሳይነካ ያድራል። ሰው የሚሸሸውን ነገር ራሱ ያውቀዋል። አንቺም ታውቂዋለሽ። እሱን በጠዋት፣ ጭንቅላትሽ ትኩስ ሳለ አድርጊው።

አንድ ምዕራፍ ዛሬ ካጠናሽ፣ ነገ ደብተር ሳትከፍቺ ለአጭር ጊዜ ራስሽን ጠይቂበት። ከ3 ቀን በኋላ ደግሞ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ። በየጊዜው የሚወስድብሽ ጥቂት ደቂቃ ነው። አንዴ ስትቀመጪም ከአንድ ሰዓት በላይ አትቀመጪ። ተነሺ፣ ውሃ ጠጪ፣ ግቢው ውስጥ ዞር ዞር በይና ተመለሺ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ መቀመጥ ጥናት አይደለም። ላይብረሪ ውስጥ የዋሉበትን ሰዓት የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው። አንቺ የመለስሽውን ጥያቄ ቁጠሪ።

ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ አካውንቲንግ ላለባት ልጅ ደግሞ ይህን እጨምራለሁ። የተሠራ ምሳሌ ማየት መሥራት አይደለም። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲሠራው ሁሉም ግልጽ ነው። መልሱን ሸፍነሽ ራስሽ ሥሪው። ስትጣበቂ ቶሎ አትግለጪ፤ ትንሽ ታገዪው። ደግሞም አንድ ዓይነት ጥያቄ ሃያ ጊዜ አትደርድሪ። ከየምዕራፉ ቀላቅለሽ ሥሪ። ለምን ብትይ፣ ከምዕራፍ 3 መጨረሻ ላይ ያለ ጥያቄ የትኛው ፎርሙላ እንደሚሠራለት አስቀድመሽ ታውቂያለሽ። ፈተናው ግን አይነግርሽም። መምረጡን መልመድ ያለብሽ አሁን ነው። ሎጂክም እንዲሁ ነው። የስህተት ዓይነቶችን ስም ደርድሮ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ አዲስ ንግግር ሰምቶ ስህተቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ሌላ ነው። የሚጠየቀው ሁለተኛው ነው።

ሲኒየሮች ያለፉ ዓመታት ፈተና ይኖራቸዋል። ጠይቂያቸው፤ መጠየቅ አያሳፍርም። ግን ፈተናውን ከነመልሱ ቁጭ ብለሽ አታንቢው። ያ እንደገና ማንበብ ነው። በር ዝጊ፣ ሰዓት ያዢ፣ እንደ እውነተኛ ፈተና ተፈተኚበት። ከዚያ አርሚው። ጥያቄው ይደገማል ብለሽ ግን ልብሽን አታኑሪበት። ያልገባሽን ደግሞ መምህርሽን በኮንሰልቴሽን ሰዓቱ ሄደሽ ጠይቂ። «ምዕራፉ አልገባኝም» አትበይው። «እዚህ ድረስ ገብቶኛል፣ ከዚህ በኋላ ጠፋሁ» በይው። እንዲህ ብላ በመጣች ተማሪ ላይ ፊቱን የሚያዞር መምህር ጥቂት ነው።

የስልክሽ ነገር ያሳስበኛል። ድሮ ስልክ መጫወቻ ነው ብለን እንቆጣ ነበር። አሁን ግን ሃንድአውቱም የሚመጣው በቴሌግራም ነው። የሚያጠኑበትና የሚጫወቱበት አንድ ሆነ። ስለዚህ ጣይው አልልሽም። ይህን አድርጊ፦ ከስልኩ አንብበሽ ጥያቄዎቹን በወረቀት ጻፊ። ከዚያ ስልኩን አጥፊና ቦርሳ ውስጥ ክተቺው፣ ወይም ለምታምኚያት ጓደኛ ስጪያት። ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ ተቀመጪ። ወረቀት መልእክት አይመጣበትም። መብራት ቢጠፋም፣ ኔትወርክ ቢሄድም ወረቀቱ እዚያው ነው።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይላል የአገሬ ሰው። ከጓደኛ ጋር ማጥናት መልካም ነው። ግን ሥርዓት ይኑረው። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ተሰብሰቡ። ሁላችሁም አስቀድማችሁ ለብቻችሁ አጥንታችሁ ኑ። አንዷ ታስረዳ፣ ሌሎቹ ይጠይቁ፤ ከዚያ ተራ ይለወጥ። ማስረዳት የቻለች ልጅ አውቃለች። ስብሰባው ወሬ ከሆነ ግን በትህትና ይቅርታ ጠይቀሽ ተነሺ። አይቀየሙሽም። ቢቀየሙሽም ከፈተናው በኋላ ይታረቁሻል። ማታም አምሽታችሁ ከላይብረሪ ስትመለሱ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተመለሱ። ይህን ስል አባትነቴ ነው፤ ታገሽኝ።

አሁን የምነግርሽን በተለይ ስሚኝ። ተኚ። አዎ፣ ተኚ ነው የምልሽ። ቀን ያጠናሽው ነገር በአእምሮሽ ውስጥ የሚጸናው ስትተኚ ነው። እንቅልፍ ከጥናት ላይ የተሰረቀ ጊዜ አይደለም፤ የጥናቱ ክፍል ነው። ሌሊቱን ሙሉ አድራ 3 ሰዓት ላይ ፈተና የምትገባ ልጅ ያነበበችውን ሳታጸና፣ ያላትንም ለማውጣት ጉልበት ሳይኖራት ትገባለች። ጥያቄውን ሁለቴ ሦስቴ ታነባለች፣ አይገባትም። ማታ 4 ሰዓት ተኝተሽ ማለዳ 11 ሰዓት ብትነሺ 7 ሰዓት ተኛሽ። ጠዋት የሚኖርሽ ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ሌሊት ከምታጠኚው ሦስት ሰዓት ይልቅ ማለዳ የምታጠኚው አንድ ሰዓት ይበልጥልሻል።

ቡና አትጠጪ አልልሽም። ማንም አበሻ እንዲህ ብሎ አይመክርም። ግን በቡና ውስጥ ያለው የሚያነቃ ነገር ቶሎ ከሰውነት አይወጣም። ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳን ግማሹ ገና በደምሽ ውስጥ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ በግማሽ ጉልበቱ ቆሞ ይጠብቅሻል። ስለዚህ ቡናሽን ከምሳ በፊት ጨርሺው። ጫት ግን አደራ። በፈተና ሰሞን «ለጥናት ብቻ ነው» የሚሉሽ ይኖራሉ። ምርቃናው ሁሉን ያወቅሽ ያስመስልሻል። ስሜቱ ይሞላል፤ ወረቀቱ ግን ባዶ ነው። ከዚያ እንቅልፍ ይነሳሻል፣ ምግብ ይዘጋሻል፣ በማግስቱ ድብርት ይጥልሻል። ለአንድ ፈተና ብለው ጀምረው ትምህርቱ አልቆ ልማዱ ያልለቀቃቸውን አይቻለሁ። አንቺ ይህ አያስፈልግሽም።

ብዪ ደግሞ። ቁርስሽን ሳትበዪ ፈተና አትግቢ። ጾም ላይ ከሆንሽ፣ የዐቢይም ይሁን የረመዳን፣ ጥናትሽን ከጾምሽ ጋር አስማሚው። ከባዱን ኮርስ ጉልበትሽ ባለበት ሰዓት አድርጊው፤ ቀላሉን ለደከመሽ ሰዓት አቆዪው። በረመዳን ከሱሑር በኋላ ያለው ሰዓት ለብዙዎች መልካም ነው። አምልኮሽም ጥናትሽም በሥርዓት ከተያዙ አይጋጩም።

ስለ ኩረጃ ብዙ አልልም። አንቺን አውቅሻለሁ። ግን በጭንቀት ጊዜ የልብ ፈተና ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። አጤሬራ ይዞ መግባት፣ ስልክ መደበቅ፣ የጎንን ወረቀት ማየት፣ ሁሉም አንድ ናቸው። ተይዘሽ ውጤትሽ ቢሰረዝ ወይም ከትምህርት ብትታገጂ የምታጪው የአንድ ኮርስ ውጤት ብቻ አይደለም። ሳትያዢ ብታልፊም ያላወቅሽው ነገር ተከትሎሽ ይመጣል። ያላወቁት ትምህርት በሚቀጥለው ዓመት ኮርስ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ደግሞ አጤሬራ ለመጻፍ የሚፈጀውን ጊዜ አስቢው። ያን ያህል አሳጥሮ፣ ለይቶ፣ በጥቃቅን ፊደል መጻፍ የቻለች ልጅ ወረቀቱን ጥላ ብትገባ ግማሹን ታስታውሰዋለች። እንግዲያው ጻፊው፣ ግን ለጥናት ጻፊው፤ ከዚያ ቅደጂው።

ዋዜማው ላይ አዲስ ምዕራፍ አትጀምሪ። በቀይ የጻፍሽበትን ወረቀት ብቻ እዪ። መታወቂያሽን፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ካልኩሌተር ከተፈቀደም ካልኩሌተርሽን ማታውኑ አዘጋጂ። የፈተናውን ክፍል አስቀድመሽ እወቂው። ጠዋት በር ላይ ቆመው «ይሄ ይመጣል፣ ያ ይመጣል» ከሚሉት ራቅ በይ። ፍርሃት ይጋባል።

ወረቀቱን ስትቀበዪ ወዲያው አትጻፊ። መጀመሪያ መመሪያውን፣ ቀጥሎ ጥያቄዎቹን ከዳር እስከ ዳር እዪ። ጊዜውን በነጥቡ ልክ ክፈዪው። ፈተናው 120 ደቂቃ ሆኖ ከ50 የሚታረም ከሆነ፣ 10 ነጥብ ላለው ጥያቄ ከ24 ደቂቃ በላይ አትስጪው፤ እንዲያውም 20 ይበቃዋል፣ የቀረው ለማረም ይሁን። የምታውቂውን አስቀድሚ። ያቃተሽን ምልክት አድርገሽ እለፊው፤ ሌላውን ስትሠሪ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመጣል። ጽሑፍ የሚጠይቅ ከሆነ ከመጀመርሽ በፊት ነጥቦችሽን በዳር ጻፊያቸው። ስትጨርሺ ደግሞ ቶሎ አትውጪ። ስምሽን፣ መታወቂያ ቁጥርሽን፣ የዘለልሽውን ጥያቄ አረጋግጪ። ከወጣሽ በኋላ መልስ አታመሳክሪ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። የሚቀጥለው ፈተና አለሽ።

ልብሽ ቢመታ አትፍሪው። ለሚያስብለት ነገር የማይመታ ልብ የለም። ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፤ ትንፋሹን ስታወጪ ረዘም አድርጊው። ፍርሃቱ ግን እንቅልፍሽን ከነሳሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ብቻሽን ካስለቀሰሽ ዝም አትበይ። በግቢው ያሉ የምክር አገልግሎት ባለሙያዎች ለዚህ ነው የተቀመጡት። ለእናትሽም ደውዪ። ወላጆችሽ ብዙ ተስፋ እንዳደረጉብሽ አውቃለሁ። ሸክሙ ከባድ ነው። ግን እመኚኝ፣ ከውጤትሽ በፊት የሚፈልጉት አንቺን ነው። አንድ ኮርስ ቢበላሽ ዳግመኛ ይወሰዳል። ጤናሽ ግን አይደገምም።

ደግሞ አንድ ነገር አስቢ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ያ ፈተና ባለፉት ዓመታት የተማርሽውን ነው የሚጠይቅሽ። በየሴሚስተሩ ለአንድ ሌሊት ብሎ ያጠና ልጅ ያኔ ሁሉንም ከፊደል ይጀምራል። አንዴ በወጉ ያጠና ግን ሁለተኛ ሲያየው ትምህርቱ ቶሎ ይመለስለታል። ከዚያም ያልፋል ነገሩ። ነርስ ብትሆኚ በሽተኛው ፊትሽ ነው። መሐንዲስ ብትሆኚ ሕንፃው ውስጥ ሰው ይኖራል። አስተማሪ ብትሆኚ ልጆች ይጠይቁሻል። ማንም ሃንድአውት እስክትከፍቺ አይጠብቅሽም። ስለዚህ ደብተር ዘግቶ መመለስን መልመድ ለፈተና ብቻ አይደለም ልጄ። ለኑሮም ነው።

እንግዲህ ብዙ አወራሁ። ሁሉንም ዛሬ አድርጊው አልልሽም። ልማድ በአንድ ቀን አይተከልም። ለዛሬ ማታ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስትሸሺው የቆየሽውን ኮርስ አውጪ። ከውስጡ አንድ ርዕስ ምረጪ። አንብቢው፣ ዝጊው፣ ያስታወስሽውን ጻፊ፣ አርሚው። ከዚያ ተኚ። ነገ ጠዋት ያንኑ በቃልሽ ራስሽን ጠይቂ። ከምትገምቺው በላይ ታስታውሻለሽ። ያን ስታዪ ቀሪውን እኔ ሳልነግርሽ ትቀጥይዋለሽ።

ትችያለሽ። እኔ አውቅሻለሁ። አምላክ ልፋትሽን ፍሬ ያድርገው፤ ከክፉ ይሰውርሽ፤ የድካምሽን ዋጋ አይንሳሽ። በርቺ ልጄ።